ሁለት ፀሐይ ያለው ሰው

ባለፈው ጎረቤቴ አቶ ሽብሩ ግቢው ብርሃን እንዲያገኝ ብሎ ትልቁን ዛፍ ሲያስቆርጥ፣ አንድ አባባል ጣል ባደርግበት ተቀየመኝ። አባባሉ እኮ የኔ አይደለም፤ ከወዲያ ከቻይና ተራራ የመጣ፣ ባለ ታሪክ ነው።

እዚያ ዌይሹን የሚባል ገበሬ ነበር። ማሳው ኮረብታ ላይ ነው። ፀሐይ የምታርፍበትን ፊት ያንግ፣ ጥላ የሚውልበትን ጀርባ ዪን ይሉታል። በአገሩ ልማድ ገበሬ በዘር ወቅት ለሁለቱም እኩል እጅ ይነሳል። ዌይሹን ግን ለፀሐዩ ወገቡ እስኪታጠፍ ይሰግድና፣ ለጥላው እንደ ድሃ ዘመድ አገጩን ነቅነቅ አድርጎለት ያልፋል። ምን ያድርግ፣ ኮክ የሚያፈራለት በፀሐዩ በኩል ነው። በጥላው በኩል ያለው ደን፣ ጭጋግና ለወራት የማይቀልጥ በረዶ ብቻ።

የኮክ ዛፎቹን ሚስቱ ላንፌን የተከለቻቸው ሴት ልጃቸው የተወለደች ዓመት ነው። ልጅቱ አድጋ፣ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ኮኩ ሲበስል ልትዳር፣ የሠርጓም ቅርጫት ከእነሱ ሊሞላ ቀን ተቆርጧል።

አንድ ቀን ችኩል እንግዳ መጣ፤ የበር መዝጊያ የሚያህል የነሐስ መስተዋት በበቅሎ የጫነ ነጋዴ። ይህ ከጥላው ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ቢተከል ፀሐይን ወደ ጥላው ይመልሳታል፣ ያኔ ኮረብታህ ዙሪያውን ኮክ ይሆናል አለው። በልዋጩ የጠየቀው የጥላውን ደን ነው። ዌይሹን የቀረበው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተስማማ።

ላንፌን ለመነችው። ማሳቸውን የሚያጠጣው የምንጭ ውኃ ከዚያው ከጥላው በረዶ እንደሚነሳ አስታወሰችው።

«የሚፈሰው በፀሐዩ በኩል አይደል?» አላት።

«ሻዩም የሚፈሰው በማንቆርቆሪያው አፍ ነው፤ የሚፈላው ግን ሆዱ ውስጥ ነው» አለችው።

ደኑ ተቆረጠ፤ መስተዋቱ ተተከለ። መቼም ማማሩን አልክድም። ጭጋጉ ወርቅ የተቀባ መሰለ። ወፎቹ በአንድ ቀን ሁለቴ የነጋ መስሏቸው እንደገና ዘመሩ። ጥላዎች ማደሪያ አጥተው እንደ ጠፋ ከብት በማሳው መሀል ተንከራተቱ። ዌይሹንም ሁለት ፀሐይ ያለው ብቸኛ ሰው ሆኖ፣ መሀል ቆሞ በህልም እንዳለ ሰው ፈገግ ይል ነበር።

በረዶው በዘጠኝ ቀን አለቀ። በአሥረኛው ምንጩ ጠብ ጠብ አለ፣ ትንሽ አሰበ፣ ዝም አለ። ኮኮቹ ከሥጋቸው ይልቅ ዘራቸው በልጦ ጠጥረው ቀሩ።

በሠርጉ ጠዋት ላንፌን ባዶውን ቅርጫት አምጥታ ከባሏ እግር ሥር አስቀመጠችው። ከእንግዶቹ ቀድመው የደረሱት የመንደሩ ሽማግሌ፣ አጎት ፋን፣ መንገዱ አድርቋቸው ኖሮ ውኃ ለመኑ። ዌይሹን ምናልባት ጠብታ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ የነሐስ ጣሳውን ይዞ ወደ ምንጩ ሮጠ፤ ቆይቶ፣ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጣሳውን አዩ። ውስጡ አንዲት ጠብታ የለም፤ ፀሐይ ብቻ ታበራለች።

ጣሳውን በሁለት እጃቸው መልሰው አቀበሉትና «አንተው ጠጣ ልጄ» አሉት፤ «ጥላውን የሸጠ፣ ፀሐዩን ይጠጣል።»