ሸህ ሲራጅ ያላጠቡት ጀናዛ

ከተማዋን በስሟ አልጠራትም። ነዋሪዎቿ ስማቸው ሲነሳ የማይወዱ ናቸው፤ ደግሞም ነገሩ የሁላችንም ስለሆነ የአንዲት ከተማ ብቻ ማድረግ አይገባም። ከተራራ ሥር ያለች፣ የድንጋይ አጥሮቿ በዕድሜ ብዛት የጠቆሩ፣ ከመስጂዷ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ቤት የላትም የምትባል የቆየች ከተማ ናት ማለት ይበቃል። እዚያ ሸህ ሲራጅ የሚባሉ ዓሊም ይኖራሉ። ጧት ጧት ለደረሶች፣ ለሃይማኖት ተማሪዎች፣ ኪታብ ያቀራሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜያቸውን የሰጡት ለሙታን ነው። በከተማዋ የሞተ ወንድ ጀናዛው የሚታጠበው በእርሳቸው እጅ ነው። ለዚህ ምንም ተቀብለው አያውቁም፤ ያጠቡት ሰው ገላ ላይ ያዩትንም ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በዱንያ ላይ የቀራቸው ወዳጅ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የድሮ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ መድረሳ አብረው የተማሩ፣ ከአንድ ሰሐን የበሉ፣ አንድ ቁርበት ላይ የተኙ ናቸው። ጎልማሳ በሆኑ ጊዜ ቃል ተጋብተዋል፤ ቀድሞ የሞተውን ቀሪው ሊያጥበው። ሐጂ ቡሽራ ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት ይህንኑ በቤተሰባቸው ፊት ኑዛዜ አደረጉት። «ከሲራጅ በቀር ገላዬን የሚያይ እንዳይኖር» አሉ። ኑዛዜ ደግሞ አማና፣ አደራ ነው፤ አማናን የሚያቀል ሙስሊም የለም።

ያ የበሽታ ዓመት መጣ። ኮሮና አገራችን ገባ በተባለበት ሰሞን ስልክ በደወልን ቁጥር ከወዳጃችን ድምፅ በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ ይቀድመን ነበር። የከተማዋ ሰው በዚህ ይስቅ ነበር። በቀን አምስቴ ውዱእ የምናደርገውን እኛን ማን ነው ታጠቡ የሚለን ይላል። ይህን ያለው ሰው ውዱኡን ጨርሶ፣ ገና እጁ ሳይደርቅ፣ መስጂዱ በር ላይ ካገኘው ሁሉ ጋር እጅ ይሳሳማል። በዚያ አገር ወግ ሰላምታ ማለት እጅ ለእጅ መሳሳም ነውና አንዱ የሌላውን እጅ ካልሳመ ሰላም ያለ አይመስለውም። ውዱእ ለሶላት የሚሆን ንጽሕና እንጂ በሽታ የሚመልስ አጥር እንዳልሆነ የነገሩን ዓሊሞች ነበሩ። አልሰማናቸውም። እኛ መስማት አንጠላም፤ ደስ ያለንን ብቻ ነው የምንሰማው እንጂ።

ሸህ ሲራጅ ግን የተባለውን ከሰሙ ጀምሮ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው ከሩቅ ሰላም ማለት ያዙ። እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ ያለው ሰው አየር ስሞ ቀና ሲል ቅር ይለዋል። ሸሁ በእርጅናቸው ኩራት ጀመራቸው የሚል ሐሜትም ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ዑለሞቹ ሶላት በየቤት ይሁን አሉ፤ ሙአዚኑም በአዛኑ መካከል በቤታችሁ ስገዱ እያለ መጥራት ጀመረ። ያን ቀን ሸሁ ብቻቸውን ሰግደው ሲያበቁ ወደ ቀኝ አሰላመቱ፤ ግድግዳ ነበር። ወደ ግራ አሰላመቱ፤ ግድግዳ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሰገዱ ሰው ናቸው።

በዚያው ሰሞን፣ ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር፣ በጅቡቲ መስመር የሚነግድ ሙባረክ የሚባል የቀድሞ ደረሳቸው በከተማዋ ሲያልፍ ሸህየውን ሳይዘይር መሄድ ነውር መስሎት ጎራ አለ። ሸሁም እንግዳን ከደጅ መመለስ አልሆነላቸውም። አስገቡት፤ ከአንድ ሰሐን በሉ፤ ዱዓ አድርገውለት ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልክ ደወለ። በሽታው እንደተገኘበት፣ ተለይተው ከሚታከሙት ጋር እንዳለ ነገራቸው። ከማን ጋር እንደነበረ ሲጠየቅ ግን የእርሳቸውን ስም አልሰጠም። «አንቱን በስተርጅና እንዳያንገላቱብኝ ብዬ ሸሆቼ» አላቸው።

ሙባረክ ይህን ያደረገው ከአክብሮት ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት ስንቱን ቤት እንዳንኳኳ አላህ ይወቅ። ሸሁ ስልኩን ዘግተው ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ራሳቸው ደወሉና ሁሉንም አንድ ባንድ ተናገሩ። ያነጋገረቻቸው ሲስተር ዕድሜያቸውን ጠይቃ፣ ብቻቸውን መኖራቸውንም ተረድታ፣ መመርመሪያው ከትልቁ ከተማ እስኪመጣ ከግቢያቸው እንዳይወጡ፣ ሰውም እንዳያስገቡ ነገረቻቸው። አስራ አራት ቀን አለቻቸው። ሸሁ የቆርቆሮ በራቸውን ከውስጥ ቆለፉ። ምግብ የምታቀብላቸው ጎረቤት ሰሐኑን ከደጅ አስቀምጣ፣ በሩን መትታ ትሄዳለች።

ሐጂ ቡሽራ የሞቱት በዚህ መካከል ነው።

ፀሐይ ገና ስትወጣ ልጃቸው ተማም መጣና በሩን አንኳኳ። ሦስት ልጆች ያሉት፣ የራሱ የእንጨት ሥራ ያለው ጎልማሳ ነው። አባባ አረፉ አለ። ሸሁ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተማም ውኃው እየሞቀ እንደሆነ፣ እርሳቸው ብቻ እንደሚጠበቁ ነገራቸው።

«አልመጣም ተማም» አሉ ሸሁ።

ተማም የሰማውን ማመን አቃተው። ሸሁ የሙባረክን መምጣትና መታመም፣ ስማቸውንም አለመስጠቱን ነገሩት። ልጁ ግን አባቱ የሞቱት በኩላሊት እንጂ በዚያ በሽታ እንዳልሆነ እየደጋገመ ያስረዳ ጀመር። ሸሁ ከሟቹ የሚተላለፍ በሽታ የፈሩ መስሎት ነበር።

«የምፈራው የእሱን ገላ አይደለም ልጄ። የምፈራው የራሴን ትንፋሽ ነው።»

«ደህና ነዎት እኮ ሸሆቼ፤ ሳል እንኳ አልሰማሁም። ደግሞ ያ ሰውዬ ስምዎን አልሰጠም ብለውኛል። አንቱ ካልተናገሩ ማን ያውቃል?»

«የማጥብበት ቤት ውስጥ እናትህ አለች። ደረቷ እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ብርድ ሲነካት እንኳ እስኪነጋ ስታቃስት ነው የምታድረው። ውኃ የሚያቀብሉኝም ሰዎች ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ።»

ተማም ግን አልተወም። «ኑዛዜውንስ? አባባ ዓይኑ እስኪከደን ይመጣል እያለ በር በሩን ሲያይ ነበር።»

ተማም ያኔ ከበሩ ወዲያ ሲያለቅሱ ሰማቸው። በከተማዋ ስንት ጀናዛ ያጠቡ ሰው ሲያለቅሱ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ሲረጋጉ ኑዛዜው የእርሳቸው እንደሆነ፣ ያፈረሱትም እርሳቸው እንደሆኑ፣ በአላህ ፊት የሚጠየቁበትም እርሳቸው ብቻ እንደሆኑ ነገሩት። አጣቢው ግን ልጁ ይሆናል። ተማም አላውቅበትም አለ። ሸሁም ወደ በሩ ጠጋ ብለው «እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ እየተቀበልክ ድገመው» አሉት።

እዚያው ቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ ሆነው ትምህርቱ ተጀመረ። ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ ሸፍነህ እንዳትገልጠው አሉት፤ ተማም ደገመ። እጅህ ላይ ጨርቅ ጠቅልል፤ ሆዱን በቀስታ ተጫን፤ ከዚያ ለሶላት እንደሚያደርገው አድርገህ ውዱእ አስደርገው። ከቀኝ ጀምር። የቁርቁራው ቅጠል በመጀመሪያው ውኃ፣ መዓዛ ያለው ካፉር በመጨረሻው ይሁን። ውኃው ለአንተ እጅ የሚመች ካልሆነ ለእሱም አይመችም። ተማም የእንጨት ልኬት እንደሚይዝ ሰው ሁሉንም በቃሉ ያዘ። ያበቁ መስሎት ሊነሳ ሲል ሸሁ አንድ ነገር ጨመሩ።

«ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም። ደረሳ ሆነን ከዋርካ ላይ ወድቆ ነው። ልታጥፈው ስትል እንዳታስገድደው፤ ያመው ነበር።»

ተማም ሳይሰናበታቸው ሄደ።

ወደ ቀትር ገደማ ጀናዛው በሸሁ በር አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቡሽራን የሚሸኘው ሰው መንገዱን በሞላው ነበር። ያን ቀን የተሰማው የጥቂት ሰዎች ኮቴና ተራርቆ የሚወጣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብቻ ነው። ሸሁ ከበሩ ኋላ ቆመው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ድምፁ ወደ መቃብሩ መንገድ ታጥፎ እስኪጠፋ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ያለ ሰው ድምፅ አሳለፉ። ተማም ተመልሶ አልመጣም፤ ስልክም አልደወለም። ቁርኣን እያነበቡ ብዙ ጊዜ ቃሉ ይጠፋባቸው እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

መመርመሪያው መጣ፤ ሸሁ ተመረመሩ፤ ምንም አልተገኘባቸውም። ቀኑም ሞላ።

እዚህ ላይ አልሐምዱሊላህ ብለን ታሪኩን ብንዘጋው ደስ ባለን። የሸሁ ፈተና ግን ገና መጀመሩ ነበር። ቢታመሙ ኖሮ ከተማው ሁሉ እውነትም አዋቂ ናቸው ባለ ነበር። ጤነኛ ሆነው ሲወጡ ግን ያለ ምክንያት ወዳጃቸውን ለጀማሪ እጅ አሳልፈው ሰጡ ተባለ። ሞት ፈርተው ነው ያለም አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሸሁ ጆሮ ግን ምንም አልቀረውም።

በወጡበት ቀን መጀመሪያ መቃብሩ ሄደው የጀናዛውን ሶላት ብቻቸውን ሰገዱ። ቀጥለው ለተዕዚያ፣ ለማጽናናት፣ ወደ ሐጂ ቡሽራ ቤት ሄዱና ከደጅ ቆመው አሰላመቱ። የሟች ባለቤት ሐጃ ጦይባ ድምፃቸውን አወቁት። ከውስጥ ሆነው ሳይጮኹ ተናገሩ።

«ቡሽራ እስከ መጨረሻይቱ ትንፋሽ ሲራጅ ይመጣል ሲል ነው የሞተ። አሁን ለማን መጡ?»

ሸሁ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። በጥንቃቄያቸው እኚህኑ ሴት አስበው እንደነበር፣ የደረታቸውን ድካም ለተማም ማንሳታቸውን መናገር ይችሉ ነበር። አልተናገሩም። አላህ ጀነት ይስጠው፣ አላህ ሶብር ይስጥሽ ብለው ተመለሱ።

ከኋላቸው ተማም ደረሰባቸው። እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ አለና ትዝ ብሎት ራቅ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ያለው «ጉልበቱን አላስገደድኩትም» ነው። ከዚያ በዚያን ጧት ሳይሰናበታቸው ስለሄደ አውፍ፣ ይቅር እንዲሉት ጠየቃቸው፤ አሉት። አንድ ጥያቄ ግን ሲያብሰለስለው ነበርና ጠየቀ። «ሸሆቼ፣ ምንም አልነበረብዎትም። ይህን ሲያስቡት አይቆጭዎትም?»

«ይቆጨኛል» አሉ ሸሁ። «እስክቀበር ይቆጨኛል። ነገ ይኸው ነገር ቢደገምም በሩን አልከፍተውም።» ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆም ብለው ጨመሩበት። «ያልደረሰ ጉዳት ምስክር የለውም ልጄ። የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።»

ይህን ቃል ከተማም አፍ ከሰማሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። በዚያ ዓመት ስለሞቱት ብዙ ተነግሯል፤ ይገባቸዋልም። በአንድ ሰው ከቤት አለመውጣት የተነሳ ሳይታመሙ የቀሩትን ግን ማን ያውቃቸዋል? ራሳቸውም አያውቁም። ገበያ ውስጥ ይገፉናል፤ መስጂድ ከጎናችን ይሰግዳሉ። ሸህ ሲራጅ በሩን ሲዘጉ በሽታው ይኑርባቸው አይኑርባቸው አያውቁም ነበር፤ የተጠየቁትም ስለማያውቁት ነገር አይደለም። የተጠየቁት የሚያውቁትን ይዘው ምን እንዳደረጉ ነው። እኛ ሥራን በውጤቱ እንመዝናለን፤ ስለዚህም የተጠነቀቀውን ፈሪ፣ ሳይጠነቀቅ የተረፈውን ጀግና እንላለን። አላህ ዘንድ ግን ሚዛኑ ኒያ፣ የልብ ሐሳብ ነው። እንዲህ ያለ ኒያ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ምስጋናውን ከሰው የሚጠብቅ ከሆነም ሳያገኘው ይሞታል።

ሐጃ ጦይባ ዛሬም እንደተቀየሙ ናቸው ይላሉ። ሸሁ መስጂድ ሲሄዱ መንገዳቸው በደጃቸው ነውና ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ሰላም ይላሉ። መልስ አይመጣም። ከውስጥ ግን የእኒያ ሴት ሳል ይሰማል፤ ዕቃ ሲያነሱ ሲጥሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሲቆጡ ይሰማል። ሸሁ ይህን ጥቂት ያደምጡና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ።