ምንጩን ማን አመረረው?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ። በድሮ ዘመን፣ ነፋስም ችግኝም አንደበት በነበራቸው ጊዜ፣ በአንድ ሸለቆ አውሬዎች ከአንድ ምንጭ እየጠጡ ይኖሩ ነበር። ምንጩ የሚፈልቀው ከአያ ጅቦ ዋሻ ነው። ዋሻው ስለሚሸት ማንም ወደ ውስጥ ዘልቆ አያውቅም።

በዚያ ሸለቆ አንዲት ኤሊ ነበረች። የክረምት ጎርፍ ከላይ አገር ጠርጎ አምጥቶ ጥሏት ነው የቀረችው። ብዙ ክረምት አልፏል፤ አውሬዎቹ ግን አሁንም «የጎርፏ» ይሏታል። ኤሊም ይህን ስም በሰማች ቁጥር አንገቷን ትሰበስባለች። ስትበላ ዞር ዞር ብላ ታያለች። ስትተኛም አንድ ዐይኗ አይከደንም።

አንድ በጋ ምንጩ መረረ። የጠጣ ሁሉ ሆዱን ታመመ። የሽኮኮ ልጅማ ጭራሽ መቆም አቃተው።

አውሬዎቹ ተሰበሰቡ። ዳኛቸው አያ ዝንጀሮ ጺሙን እየጎተተ፣ «እኛ እዚሁ ተወልደን እዚሁ አድገናል፤ ውኃችንም እንደኛው። ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው» አለ።

«ከውጭ ነው» አለ ጅቦ፣ ከሁሉ ቀድሞ።

«ከውጭ ነው» አሉ ሁሉም።

መጀመሪያ ነፋስን ከሰሱት። «ከማዶ አቧራ እያመጣህ ውኃችንን አበላሸህ» አሉት።

ነፋስም፣ «እኔ አላፊ ነኝ። ደመናም አመጣለሁ፣ አቧራም አመጣለሁ። መራራ ነገር ግን አልያዝሁም» አለ።

አልሰሙትም። ወደ ሸለቆው የሚገባበትን በር በድንጋይ ደፈኑት። ሸለቆው ታፈነ፤ ምንጩም እንደ መረረ ቀረ።

ቀጥለው የሾላ ችግኝን ከሰሱ። «አንተን ወፍ ናት ከሩቅ አምጥታ የጣለችህ። ውኃውን የመረዘው ሥርህ ነው።»

«ሥሬ ገና ውኃው ጋ አልደረሰም፤ ቆፍራችሁ እዩ» አለ ችግኙ።

ቆፈሩ። እውነትም አልደረሰም ነበር። ግን አንዴ ተቆፍሯልና ችግኙ ደረቀ። ምንጩ አሁንም መራራ ነው።

«እንግዲህ የቀረችው የጎርፏ ናት» አለ ጅቦ።

አያ ዝንጀሮም፣ «ነገ ፀሐይ ስትወጣ ትሂድልን» ብሎ ፈረደ።

ኤሊ አልተከራከረችም። ነፋስም ችግኙም ተከራክረው ምን እንዳገኙ አይታለች። በማግስቱ ልትሄድ ስትነሣ ሽኮኮ ልጇን አዝላ መጣች።

«እህቴ፣ አንቺ ብትሄጂ ልጄ ይድናል?»

«አይድንም።»

«እንግዲያ ምን ይሻለኛል?»

ኤሊ መንገዱን አየች። ልጁን አየች። «ምንጩ የሚፈልቅበትን ቦታ ያየ አለ?» አለች።

«ማን ደፍሮ?»

«ተነሺ ሂጂ የተባለች ምን ትፈራለች» ብላ ኤሊ ወደ ዋሻው ገባች።

ጅቦ ተኝቷል። ውኃው በሚፈልቅበት አፍ ላይ የበሰበሰ የበሬ ጭን ተወትፏል። ለክፉ ቀን ብሎ ደብቆት ኖሯል። ኤሊ ነክሳ ጎተተችው። ጅቦ ነቃና ነከሳት፤ ጥርሱ በድንጋይ ልብሷ ላይ ተንሸራተተ። ደግሞ ነከሳት፤ ተንሸራተተ። ሦስተኛ ሲነክስ ጥርሱ ተሰበረና ጮኸ። በጩኸቱ አውሬው ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ኤሊ ጭኑን እየጎተተች ከዋሻው ወጣች።

አያ ዝንጀሮ ጺሙን ጎተተ። «የጅቦ አያት ከወንዝ ማዶ የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አላልኋችሁም? ከውጭ ነው።»

አንዳንዶቹ «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሥጋውን የወተፈው አያቱ አይደለም» አለች ኤሊ። «እሱ ነው።»

ጅቦ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ» አለ። «ስትታመሙ አይቻለሁ። ግን ብናገር ትካፈሉኛላችሁ ብዬ ሳሳሁ።»

ምንጩ እስኪጠራ ዋሻውን እንዲጠርግ ፈረዱበት። የሽኮኮ ልጅ ቀስ በቀስ ዳነ። የነፋሱም በር ተከፈተ። ችግኙ ግን ደርቆ ቀረ።

ኤሊን «ቆዪልን» አሏት፤ ቆየች። ነገር ግን ውኃው ደፍረስ ባለ ቁጥር እሷ ከሁሉ ቀድማ ወደ ዋሻው ትሄዳለች። እነሱ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው እሷን በጎሪጥ ያያሉ።

እኔ እንደ ሰማሁት አወረድሁት፤ እናንተም ለሚሰማ አድርሱት። ክፉ ሽታን ከደጅ ብቻ የሚፈልግ፣ ጓዳው ይበሰብስበታል።