ሁለት ሺህ መጽሐፍ በአንድ ጭንቅላት

«የሁለት ሺህ መጽሐፍ ቦታ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ መንበሩ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው። «አደጋ ላይ የነበሩት እነዚያ ሁለት ሺህ ናቸው። ስማኝ።»

ይህን የጀመሩት የስፌት ቤታቸው ዋና ቆራጭ ምንይችል ስለጠየቃቸው ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ በቅርቡ ተቀጥራ ነበርና፣ ልብስ አቆራረጥ እንዲያሳያት ታዟል። እሱም «ጋሼ፣ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ ካሳየኋት ለእኔ ምን ይቀረኛል?» አለ። ጋሽ መንበሩ በአንድ የተዋሱት የስፌት መኪና ጀምረው ዐሥራ አንድ ያቆሙ ሰው ናቸው። ጥያቄ ሲቀርብላቸው አስቀድመው ቁጥሩን ይናገራሉ፤ ወደ ነገሩ የሚገቡት ከዚያ ወዲያ ነው።

ሰውየው የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። ሙያውን የተማረው በትከሻው ነው። የተቀጠረው ለተላላኪነት ሆኖ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር መጻሕፍቱን ተሸክሞ ከክፍል ክፍል የሚያዛውረው እሱ ነበር። እንዲህ ሲያመላልስ እያንዳንዱን በክብደቱ፣ በጀርባው ቀለም፣ በተላጠ ጥጉ ለየው። ጠዋት መስኮቱን ይከፍታል፤ አቧራውን ይወለውላል። ልጆች የመለሱትን እየገለጠ የተቀደደ ገጽ ይፈልጋል፤ የላላውን ጀርባ በመርፌና በዱቄት ሙጫ ይጠግናል፤ ከዚያ ሁሉንም ወደየቦታው ይመልሳል። ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረውም። ማውጫው እሱ ራሱ ነበር።

ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ስለ ልብ የሚያወራው፣ ሽፋን የሌለው» ይለዋል። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ሰዶ ያወጣዋል። የጂኦግራፊው መምህር «ጋሼ ከሌሉ ይህ ቤት የወረቀት ክምር ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ሰውየው ታሞ ቢቀር ቤቱ ተዘጋ። ይህን ሲነግሩት ከተወጋው መርፌ ይልቅ ወሬው አሻረው።

እንዲህ ሲኖር አንዲት ወጣት መጣች። ኮሌጅ ገብታ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የተማረች ናት። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን ጠርቶ «ለጊዜው አብራችሁ ሥሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ቁልፉ ለአንዳችሁ ይሰጣል፤ ሌላው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል» አላቸው። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ጠመኔና መጥረጊያ ነው።

ልጅቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ለሰውየው ይቀለው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት አደራደር ሌላ ነው» አለችው። «ልጆቹ የለመዱት ግን የእርስዎን ነው፤ አላፈርሰውም። እርስዎ ቦታውን ይንገሩኝ፣ እኔ ቁጥር እየሰጠሁ በካርድ ላስፍረው።»

መጀመሪያ ደስ አለው። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ በየመጽሐፉ ጀርባም ቁጥሩን ትለጥፋለች፤ ካርዱንም በሳጥን ትደረድራለች። «ይኼ ለምን እዚህ ሆነ?» ስትለው ምክንያቱን ይነግራታል። ርጥበት የሚፈራ ወረቀት ከመስኮቱ ይራቅ፤ ትንንሾቹ የሚወዱት ታች ይሁን፤ ለፈተና የሚሻሙበት ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ይቀመጥ። እሷም ምክንያቱን ሳይቀር ትጽፈዋለች። እንዲህ እያሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ደረሱ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ገባች። በሰውየው ጠረጴዛ ፊት አልፋ ወደ ካርዱ ሳጥን ሄደች፤ በጣቷ ፈለገች፤ መደርደሪያው ዘንድ ደርሳ መጽሐፏን ይዛ ወጣች። «ጋሼ» አላለችም። በማግስቱ የጂኦግራፊው መምህር መጣ፤ እሱም በቀጥታ ወደ ሳጥኑ። ሲወጣ «ቀለለን እኮ ጋሼ» አለው፤ ደግ የተናገረ መስሎት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት ከሰውየው ጋር አንድ ማዕድ ይቀርብ ጀመር። የልጅቷን የእጅ ጽሕፈት ጠላው፤ ማማሩ ነው ያስጠላው። ልጆች ከእሷ ጋር ሲሳሳቁ እሱን የሚያሙት መሰለው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ከኔው አፍ እየወሰደች ስሟን ታስጠራበታለች» አላት። ሚስቱ «ታዲያ አፍህ ጎደለ?» ብትለው እራቱን ትቶ ተነሳ።

ገና ያልተጻፈ ስምንት መቶ ነበር። ልጅቷ እንቀጥል ስትለው አንድ ቀን ራሴን አሞኛል ይላል፤ ሌላ ቀን ነገ ይደርሳል ይላል። እሷ ለምሳ ስትወጣ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ መጻሕፍት ማዛወር ያዘ። ቁጥር ካለው መደርደሪያ አውጥቶ ቁጥር ወደሌለው፣ ከሌለው አውጥቶ ወዳለው ያስገባል። የታሪኩን ከግብርናው ኋላ ሸጎጠው፤ የሒሳቡን ከተረቱ መሃል። እግር በሰማ ቁጥር በእጁ ያለውን ባገኘው ቀዳዳ ይከታል። አልሰረቀም፤ አንድም መጽሐፍ ከበሩ አልወጣም። ነገር ግን ባለሙያ ነውና፣ ያለቦታው የገባ መጽሐፍ ከተሰረቀው እኩል እንደጠፋ ያውቃል።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ከወረዳው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፤ መጽሐፍ አምጡ ይላል። ልጅቷ ካርዷን ይዛ መደርደሪያው ፊት ትገተራለች። እሱ ተነስቶ ከተደበቀበት ያወጣዋል። ቁልፉ የማን እንደሆነም ያን ጊዜ ይለያል።

ተቆጣጣሪው መጣ። ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምር መጽሐፍ ጠየቀ። ልጅቷ ካርዱን አየች፤ ሄደች፤ በቦታው የተረት መጽሐፍ አገኘች። ደግማ ቁጥሩን አየች፤ ፊቷ ቀላ። ሰውየው ያንን ፊት አይቶ ጠገበ። ከዚያ «ቆይ፣ እኔ ላምጣው» ብሎ ተነሳ።

ደበቅሁበት ወዳለው ሄደ። የለም። ከጎኑ ባለው ፈለገ። የለም። እግር የሰማ ዕለት ነበር የሸጎጠው ወይስ ከዚያ በፊት? ላይኛው ነው ታችኛው? ተቆጣጣሪው አዘነለትና «ይሁን፣ ሌላ እንጠይቅ» አለ። የጂኦግራፊው መምህር ሊረዳው ፈልጎ «ያንን ስለ ልብ የሚያወራውን፣ ሽፋን የሌለውን ያምጡ፤ እሱንማ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያወጡት» አለ።

ይህ መጽሐፍ ካልተጻፉት አንዱ ነበር። ሰውየው እንደ ልማዱ ሳያይ እጁን ሰደደ። ያወጣው የሒሳብ መጽሐፍ ነው። የልቡን መጽሐፍ አዛውሮት ነበር ወይስ አላዛወረውም? ትዝ አላለውም። ቀና ብሎ መደርደሪያዎቹን አያቸው፤ የነካቸውና ያልነካቸው መጻሕፍት አንድ ዓይነት መስለው ታዩት።

ተቆጣጣሪው ያየውን ጽፎ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ቤቱ ተዘግቶ ሁሉም መጽሐፍ ወለል ላይ ወርዶ እንደገና እንዲደረደር አዘዘ። «አይጥ ነው እንዴ የገባባችሁ?» አለ ተቆጥቶ።

ልጅቷ አቧራው ላይ የቀሩትን የጣት መስመሮች እያየች «አይጥ ይበላል እንጂ አይደረድርም» አለች። ወደ ሰውየው ግን ዞር አላለችም።

ካርዷን እያነበበች አንድ ሺህ ሁለት መቶውን አንድ በአንድ መለሰች። እሱ ባኖረበት፣ በነገራት ምክንያት፣ እሱ እንደሚወደው። ስምንት መቶው ወለል ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እነዚህስ?» አለችው።

አንዱን አነሳ። መደርደሪያው ላይ አቆመው፤ መልሶ አወጣው፤ ሌላ ቦታ ሞከረው። «እዚህ ይመስለኛል» አለ። በዚያ ቤት ባሳለፈው ዕድሜ ሁሉ «ይመስለኛል» ብሎ አያውቅም ነበር። ራሱም ሰማውና መጽሐፉን ክምሩ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ስምንት መቶውን ልጅቷ ኮሌጅ በተማረችው መንገድ ደረደረችው። ዓመቱ ሲያልቅ ቁልፉ ለእሷ ተሰጠ፤ ሰውየው ወደ ጠመኔው ሄደ። ልጆች ግን እስካሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶው ያለበትን ወገን «የጋሼ በኩል» ይሉታል።

ጋሽ መንበሩ እዚህ ላይ ወሬውን አቁመው ወደ ምንይችል ዞሩ።

«እንግዲህ ያ ሰው አንተን ይመስላል፤ ልጅቷም ያቺን ትመስላለች» አሉት፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን አዲሷን ልጅ በአገጫቸው እያሳዩ። «መቀስህ የእሱ ጭንቅላት ነው። ሰው እንዳያገኘው ብለህ የአቆራረጥ ምልክትህን ብታዛባ፣ የሚሳሳተው የራስህ እጅ ነው።»

«ብትበልጠኝስ ጋሼ?»

«ትበልጥሃለች እንጂ። የቤተ መጻሕፍቷም ልጅ መብለጧ አልቀረም። እሱ ቢነግራትም ባይነግራትም ትበልጠው ነበር።»

ምንይችልም «ይህ ምሳሌ ግን ለእኔ ነው ወይስ ለስፌት ቤቱ?» አለ።

«ለሁለታችሁም ነው። በአንድ ጉዞ ሁለት ጭነት ካላገኘሁ አህያዬን አላስነሳም።» መቀሱን አንስተው ሰጡት። «ሒሳቡን ልዝጋልህ። ሰውየው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰጠ፤ ያ ሁሉ በቦታው አለ፣ በስሙም ይጠራል። ስምንት መቶ ለራሱ አስቀረ፤ ከዚያ አንድም አልቀረለትም። ትርፉ የልጅቷን ፊት ቀልቶ ማየቱ ነው፤ እሱም «እኔ ላምጣው» ብሎ እስኪነሳ ድረስ ነው የቆየው። ኪሳራው ሳያይ የሚያወጣው እጁ ነው።»