ከኋላ የተተረተረ ቀሚስ

የዝና፣ ጽሕፈቴ እንደማያምር ታውቂያለሽ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ ብዙም አልያዝኩም፤ ፊደልም እስታለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ትናንት ፀጉር ቤት ተራ ስንጠብቅ የሴቶቹን የፋሽን መጽሔት እያገላበጥሽ፣ «እዚህ ውስጥ እኛን የምታህል ሴት አንዲት እንኳ ለምን የለችም? ሰውነታችን ጥፋት አለበት እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሰው ስለነበረ አፍሬ ዝም አልኩሽ። አሁን በምሳሌ ልመልስልሽ።

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ወንድ ልጁን ሊድር ሲነሳ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ሙሽራዋን በእልልታ እንዲቀበሉለት ፈለገ። ጨርቁን ገዝቶ ለልብስ ሰፊው ሰጠው። ልብስ ሰፊው የእያንዳንዷን ልክ ልውሰድ ቢለው ባለጠጋው ሳቀበት።

«በአንዷ ልክ ስፋው፤ ሌሎቹ ይስተካከሉለታል» አለው።

ልብስ ሰፊውም ከመንደሩ ልጃገረዶች ቀጭኗን ጠርቶ ለካት፤ ሁሉንም በእርሷ ልክ ሰፋው።

ቀሚሶቹ ታደሉ። እያንዳንዷ ሴት ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ሞከረችው። አንዷን ደረቷ ላይ አልዘጋ አላት፤ አንዷን ዳሌዋ ላይ ያዛት፤ አንዲት የምታጠባ እናትንማ ከትከሻዋም አላለፈላት። አንዲት የከሳች አሮጊት ደግሞ እንደ ጆንያ ሆነባትና ከኋላ ሰብስባ ቋጠረችው። ሁሉም «ልኩ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው አሰቡ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን ልክ ለእኔ የተሰፋ ይመስላል ይሉ ነበር። የጠበባቸው ጀርባውን ተርትረው በክር አሰሩት፤ ከላይም ነጠላ ደረቡበት። ሳይለብሱት መቅረት አይሆንም፤ ያልለበሰች ከሰልፉ ውጭ ትቆማለች፤ ባለጠጋውንም እንደናቀች ይቆጠርባታል።

የሠርጉ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሙሽራዋ ስትደርስ እልልታው ከጉሮሮ አላለፈም። ሴቶቹ አየር ቢስቡ ክሩ እንዳይበጠስ ፈርተዋል። እጇን አንስታ ያጨበጨበች የለችም፤ በዚያ ሙቀት ነጠላዋን ያወረደችም የለችም።

የምታጠባዋ ሴት ልጇ ፀሐዩ አቃጥሎት አለቀሰባት። ብታባብለው እምቢ አለ። እሷም ጨነቃትና ነጠላዋን አንስታ ከለለችለት። ጀርባዋ ታየ። እሷም አንገቷን ደፋች። አጠገቧ የቆመችው አየቻትና የራሷን ነጠላ አወረደች። የእርሷም ጀርባ እንደዚያው ነበር። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላዋ። በመጨረሻ ያቺ የተለካችው ልጅ አወረደች። የእርሷም ተተርትሯል፤ ልጅ ናትና ከተለካች ወዲህ ሰውነቷ ሞልቶ ነበር።

ባለጠጋው ይህን ሁሉ ልብስ ማን ቀደደው ብሎ ተቆጣ።

አሮጊቷ «ጌታው፣ የእነዚህን ገላቸው ነው የቀደደው» አለችው። «የእኔ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ከፈለጉ ይግቡበት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እልልታው የወጣው ያን ጊዜ ነው።

የዝና፣ ባለጠጋው መጽሔቱን የሚያሳትመው ሰው ነው። ቀሚሱ በየገጹ የምናየው አንድ ዓይነት ሰውነት ነው፤ ፊቱ ቢለዋወጥም ልኩ አይለወጥም። የተለካችው ልጅ ፎቶ የተነሳችው ናት፤ እሷም ነገ ከልኩ ልትወጣ ትችላለች። በራቸውን ዘግተው ያፈሩት ሴቶች ደግሞ እኔና አንቺ ነን። ስለዚህ ጥፋቱ የሰውነታችን አይደለም፤ ለሰው ሁሉ በአንዷ ልክ ያሰፋው ሰው ነው።

ይህን አውቄም ግን ማፈሬ አልቀረም። አንዷ ካላወረደች ሌላዋ አታወርድምና፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በዚህ ጾም ሰው ሁሉ በልቶ እኔ እስኪመሽ ስቆይ አይተሽ ጎበዝ ብለሽኛል። እናቴም ለጎረቤት ትኮራብኛለች፤ የንስሐ አባታችንም መርቀውኛል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የዝና፤ እኔ የምጾመው ያቺን የመጽሔቷን ሴት ልምሰል ብዬ ነው።