በአንድ እጅ የሚያዝ መጽሐፍ

አንድ ሰው ነበር፣ ጠዋት የጸሎት መጽሐፉን ሳያነብ እህል የማይቀምስ። መጽሐፉ እንዴት ያለ መሰላችሁ! ሽፋኑ ሁለት የእንጨት ገበታ፣ ላዩ ቀይ ቆዳ፣ ከአባቱ የወረሰው። ሚስቱ የሺመቤት ደግሞ ልስልስ ሽፋን ያላት፣ እንደ ነጠላ የምትታጠፍ፣ ያንኑ ጸሎት የያዘች መጽሐፍ ነበረቻት። በመጽሐፏ መቀለድ ልማዱ ነው። «ይሄም መጽሐፍ ተብሎ! አጥንት እንኳ የለውም!» ይላታል። እሷም ስቃ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ሕመም ጣለው። ግራ እጁ አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል ቤቱ እንደገባ መጀመሪያ የጠየቀው ምን ይመስላችኋል? ምግብ? ኧረ ወዲያ! «መጽሐፌን» አለ።

ሰጡት። በቀኝ እጁ ገለጠው፤ ገበታው ጧ ብሎ ተዘጋ። ደግሞ ገለጠው፤ ደግሞ ተዘጋ። በቃሉ እንዳይለው፣ ከሕመሙ ወዲህ የሸመደደው እየጠፋበት ተቸግሯል። የሺመቤት «ላንብብልህ?» ብትለው «አፌ ገና አልሞተም!» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። እጁ መቅረቱን ችሎት ነበር፤ ጸሎቱ መቅረቱን ግን አልቻለም።

ታዲያ የሺመቤት ምን አደረገች? «ስትቀልድብኝ ኖረህ!» አለችው? እሷ እቴ! ያችን አጥንት የለሽ መጽሐፍ አምጥታ፣ እሱ የሚያነበው ገጽ ላይ ወደ ኋላ አጠፈቻትና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«እስቲ ይችን ሞክራት» አለችው።

መጽሐፏ በመዳፉ ልክ ሆና ተኛች። አልተዘጋችም። አንድ መስመር አነበበ፣ ሌላም አነበበ፤ እስከ ገጹ መጨረሻ ደረሰ። ቀና ብሎ አያትና፣ «አንቺ ሴት፣ ለካስ አጥንት ያልኩት ግትርነት ኖሯል!» አላት።

እሰይ የኔ እመቤት! እንዲህ ያለችውን ያብዛልን።

ወገኖቼ፣ የአባት መጽሐፍ ይከበር፤ ገበታውን አልነቅፍም። የምጠይቃችሁ ስለ እናንተ ነው። ቤታችሁ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ የቀረው ሰው የለም? ያዘነ ልጅ፣ የደከመች አማት፣ ይቅርታ መጠየቅ አቅቶት በራችሁን የሚያልፍ ጎረቤት? «በሁለት እጅህ ካልያዝከኝ አልገለጥልህም» ያላችሁት ማንን ነው? ስንቱ በአንድ እጁ ገለጥ ሲያደርገን ጧ ብለን ተዘጋንበት?

«ጎንበስ ቢሉ ዕቃ ለማንሳት» ይባል የለም? የሺመቤት ጎንበስ አለች፤ የባሏን ጸሎት ከወደቀበት አነሳች።

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እጁ የደከመ ሰው ይጠብቃችኋል። በእጁ ልክ ታጠፉለት፤ አንብቦ እስኪጨርስም ክፍት ሆናችሁ ቆዩለት።