የውኃ አባትና ሦስቱ ደብተሮች

ሦስት ምሁራን የገበሬውን አቅም እንገነባለን ብለው ከዩኒቨርሲቲ ወደ አንድ ቀበሌ ወረዱ። አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሲሆን፣ መሪያቸው ዶክተር ደምመላሽ ደግሞ የሕግ ሰው ናቸው። የመስኖውን ውኃ በተራ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ሰዉ የውኃ አባት የሚላቸው፣ ሠልጣኝ ተብለው ከፊት ተቀመጡ።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌውን መጠየቅ ሆነ። መሐንዲሱ አቅም የቦይ ስፋት ነው ብሎ ስለ ቦዩ ጠይቆ ጻፈ። የምጣኔ ሀብቱ ሰው አቅም ምርት ነው ብሎ ስለ እህሉ ጻፈ። ዶክተሩም አቅም ማለት ደንብ ነው ብለው፣ ተራ የዘለለ ሰው ምን እንደሚቀጣ ጠይቀው ጻፉ። ሦስቱም ሲጽፉ ባልደረባ እንዳያይባቸው ደብተራቸውን በክንዳቸው ይጋርዱ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ዶክተሩ በሕዝቡ ፊት አንድ ወረቀት ዘረጉ።

«አባባ፣ 'ምንም አላውቅም ነበር፤ አሁን ሠልጥኛለሁ' ይላል። ይፈርሙ። እምቢ ካሉ ለወረዳው ጽፌ ውኃውን የሠለጠነ ሰው እንዲያከፋፍለው አደርጋለሁ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን የጠየቃችሁት እናንተ፣ የመለስኩት እኔ፣ የጻፋችሁትም እናንተ። ታዲያ እንደ መምህር ፈርሜ የማሳልፋችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አልፈርምላችሁም። ቦዩም፣ እህሉም፣ ደንቡም ያሉት አንድ ውኃ ላይ ነው፤ እናንተ ደብተር ስትሸፋፈኑ ከረማችሁ። በሉ ሂዱና ተኮራርጃችሁ ኑ፤ ያኔ አሳልፋችኋለሁ።»