እጅ የማይነድፈው ብረት

አንድ ሰው ነበረ። ነገር ሁሉ የተበላሸበት ቀን የመስቀል ማግስት ነው።

ይህ ሰው ጎልፍ ይጫወት ነበር። ጨዋታው ትንሽ ነጭ ኳስ በብረት እየመቱ ሩቅ ካለ ጉድጓድ ማግባት ነው። ዳኛ የለውም። ሁለት ሰዎች አብረው ይወጣሉ፤ አንዱ የሌላው ምስክር ነው። ኳስህን በእጅህም ሆነ በእግርህ ብትነካ የሚያውቅብህ አብሮህ የሚሄደው ነው፤ ቃሉም የመጨረሻ ቃል ነው። ሰውየው ጨዋታውን የወደደው በዚህ ምክንያት ነበር። የሰው ቃል ይበቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነበረ።

የሚመታባቸው ብረቶች እንደ ቢላ ቀጭን ነበሩ። እንዲህ ያሉ ብረቶች ርኅራኄ አያውቁም። ኳሱን መሐል ለመሐል ካገኙት እጅ ምንም ሳይሰማው ይበርራል፤ ትንሽ ወደ ጠርዝ ከሳቱ ግን መዳፍን እንደ ጊንጥ ይነድፋሉ። ሰውየው መነደፉን አይጠላውም። «የት ላይ እንደተሳሳትኩ ይነግረኛል» ይል ነበር።

በመስቀል ማግስት ውድድር ነበረ። ክረምቱ ያሳደገው ሣር ገና አልታጨደም። የሰውየው ኳስ እዚያ ሣር ውስጥ ገባ፤ ከባልንጀራው ጋር ወዲያ ወዲህ ብለው ፈለጉት፤ አገኙት። መትቶ አወጣው፤ አሸነፈም። ዋንጫው ሊሰጥ ሲል ከጎልፍ ክበቡ ኃላፊዎች አንዱ ተነሣና፣ «ሣሩ ውስጥ ኳሱን እግር ሲገፋው ከሩቅ አይቻለሁ» አለ። ሰውየው ሳቀ። ወደ ባልንጀራው ዞሮ፣ «ንገራቸው እንጂ!» አለው።

ባልንጀራው ከኪሱ ጨርቅ አወጣ። ብረቱን መወልወል ጀመረ። ወለወለ፣ ወለወለ። ቀና አላለም።

ዝምታው እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። የሰውየው ስም ከክበቡ ተፋቀ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ሲያልፍ ሰዎች ከፊቱ በፊት እግሩን ያዩ ጀመር።

ዘመን አለፈ። ጠጉሩ ሸበተ። ባልንጀራው የክበቡ ሊቀ መንበር ሆነ። አንድ ቀን መልእክተኛ መጣና፣ «ይመለሱ ብለዋል፤ ያለፈው አልፏል» አለው።

«የማን እግር እንደነበረ ተናገሩ?»

«ኧረ ጋሼ! ይሄን አሁን ማን ያስታውሰዋል? ደግሞስ ምን ያደርግልዎታል?»

ሰውየው ሊቀር ነበር። ጨዋታው ግን በሕልሙ ይመጣበት ነበርና ሄደ። ቀጭኖቹን ብረቶች ከተሰቀሉበት አውርዶ ያዘ።

በክበቡ በር ላይ የብረት ሻጭ አገኘው። የያዛቸውን አየና ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ በእነዚህማ ሽንኩርት ይክተፉባቸው! እጅ ሲቆይ ይረሳል። ለተመላሽ ሰው የሚሆነው ይሄ ነው። ጀርባው ሰፊ፣ መሐሉ የተቦረቦረ፤ ክብደቱ ወደ ዳር ዳር ተገፍቷል። ጠርዝ ላይ ቢመቱም መሐል እንደመቱ አድርጎ ይወስድልዎታል። ስሕተት አይቆጥርም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚመታው በዚህ ነው።»

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ሰውየው ሰፊውን ብረት ይዞ ሜዳ ገባ። የመጀመሪያውን ሳተ፤ ጠርዝ ላይ እንዳረፈ አውቋል። ኳሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። መዳፉ ምንም አልተሰማውም። ደስ አለው።

ብረቱን ገልብጦ ፊቱን አየ። ኳስ የተመታበት ብረት ነጭ ምልክት ይቀርበታል። ምልክቱ መሐል ላይ ነበር። በአውራ ጣቱ ምራቅ አድርጎ አጠፋው። ሁለተኛውን ሆን ብሎ በሌላው ጠርዝ መታ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ምልክቱ መሐል ላይ ነበር። በሦስተኛው ዓይኑን ጨፈነና ብረቱን ከኳሱ በላይ በባዶ አየር አሳለፈው። ሲገልጥ ኳሱ በቦታው የለም፤ ሩቅ፣ ጉድጓዱን ከሚያመለክተው ባንዲራ አጠገብ ተቀምጧል። ብረቱ ላይም፣ መሐል ለመሐል፣ ነጭ ምልክት አለ።

«ግሩም!» አሉት ከኋላው።

በሜዳው ብዙ ሰዎች ይመቱ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው፤ ከሰው አፍ በቀር ድምፅ የለም። ብረት ይወርዳል፣ ኳስ ይበርራል፤ ጧ የሚል ነገር የለም። ወፍ እንኳ አይጮኽም። ከሚመቱት አንዳቸውም ወደ እጃቸው አያዩም።

እግሩ ራሱ ወደዚያ ሣር ወሰደው። ሌላው ሜዳ እንደ ምንጣፍ ታጭዷል፤ ያ ቦታ ብቻ እንደዚያ ቀን ጉልበት ይደርሳል። በመሐሉ የጫማ ዱካ አለ። ሣሩ ገና አሁን እንደተረገጠ ተኝቷል፤ ጤዛው ከላዩ እንደረገፈ ነው። ሰውየው እግሩን ዱካው ላይ አኖረ። አልገጠመለትም። ዱካው ሰፊ ነው፤ ጫፉም ወደ ውጭ ዞሯል።

«እንኳን ደህና መጣህ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ባልንጀራው ነው፤ እግሩን ወደ ውጭ ጣል ጣል እያደረገ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ይመጣል። «ብረቱ ተስማማህ? አየህ፣ እኛ ክፉዎች አይደለንም። ምረንሃል።»

ሰውየው አልተቆጣም። ሰፊውን ብረት መሬት ላይ አጋደመው። ከቀጭኖቹ አንዱን መዝዞ ለባልንጀራው ሰጠው። «በዚህ አንዴ ምታልኝ» አለው።

«ይሄ ጉድ አሁንም አለ? ኧረ ተው፣ በስተርጅና እጄን ልታሳጣኝ ነው!» ባልንጀራው እየሳቀ መታ።

ጧ! አለ። ያን ቀን በሜዳው የተሰማ የመጀመሪያው ምት ነው። «ወይኔ እጄን!» ብሎ ጮኸ ባልንጀራው። የሚመቱት ሁሉ ብረታቸውን አየር ላይ እንዳነሡ ቆሙ፤ ፊታቸውንም አዞሩ። በቀጭኑ ብረት ላይ ነጩ ምልክት ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ለሁሉም ይታያል።

«የት ላይ መታህ?» አለው ሰውየው።

ባልንጀራው ከኪሱ ጨርቅ አወጣ።

አንተ ቢተው ወንድሜ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተህ፣ «ዩኒቨርሲቲው ምሮሃል፣ ቦታህ ይጠብቅሃል፤ ለምን አትመለስም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሴ ይህ ተረት ነው። ሰፊውን ብረት አልነቅፈውም፤ እጁ ለደከመ ሰው ደግ ነው። የእኔም እጅ ደክሟል። ነገር ግን የማን ምት የት ላይ እንዳረፈ የሚያጠፋ ምሕረት በዳዩን ንጹሕ፣ ንጹሑን ምሕረት ለማኝ ያደርጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። የምትጠሩኝ ወደዚያ ድምፅ የሌለው ሜዳ ነው። ሣሩም እስከ ዛሬ አልታጨደም።

እኔ የተባረርኩበት ፈተና የሾለከ ጊዜ፣ ፈተናው የተቀመጠበት መሳቢያ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ነበር፤ በእኔና በአንተ። በጉባኤው ፊት ወደ አንተ ዞሬ፣ «ንገራቸው እንጂ» አልኩህ። መነጽርህን አውልቀህ ወለወልህ።

አሁንም እየወለወልህ ነው። ተው፣ አስቀምጠው። ቀና በልና መልስልኝ፤ መሳቢያውን የከፈተው ማን ነው?